ተራ የያዘው ድንጋይ

የ2079ን ክረምት ሰው በመስማት አሳለፍኩት፤ ለመስማቴም ደሞዝ ተከፈለኝ። ለአባቴ ስነግረው "እኔ ሃያ ሁለት ዓመት እናትሽን ስሰማ ማን ከፈለኝ?" አለ። እናቴ ከወጥ ቤት ሆና "ሰምተህ ቢሆን ኖሮ ይከፈልህ ነበር" አለችው። ግድግዳው ላይ ያለው አያቴ ሁለቱንም መረቃቸው።

አያቴ የሞተው እኔ ሳልወለድ ነው። እናቴ እንደ ጎረቤቱ ሁሉ አስሞልታዋለች። ሦስት ፎቶ፣ አንድ የድምፅ መልእክትና አንድ የታክሲ መንጃ ፈቃድ ሰጠች፤ የቀረውን መሙያ የሚባለው ማሽን ከራሱ እየፈጠረ ሞላው። ጠዋት ጠዋት ይመርቀናል፤ በበዓል ስለ ወጣትነቱ ያጫውተናል። እናቴ አንዳንዴ ሥራዋን አቁማ ትሰማውና "አባዬ እኮ እንዲህ አልነበረም፤ ተሳዳቢ ነበር" ትላለች። ግን አታጠፋውም።

ፎቶም፣ ድምፅም፣ ደብዳቤም ምንም የማያስረዳበት ዘመን ነው። ከውጭ ስደውል እናቴ ከሰላምታ በፊት "ትናንት ራት ላይ ማን አኮረፈ?" ብላ ትጠይቀኛለች፤ ካልመለስኩ ትዘጋብኛለች። ፍርድ ቤት የሚሰማው በአካል ቀርቦ "በዓይኔ አይቻለሁ" ያለን ሰው ብቻ ነው። ሰርግ ላይ ፎቶ አንሺ ቀርቶ ሦስት እማኝ ይጠራል፤ እማኞቹ ከሙሽሮቹ ፊት ለፊት ተቀምጠው እያዩ ይበላሉ። እኔ በዚህ መሀል ስላደግኩ አይደንቀኝም። የሚደንቀኝ ድሮ ሰው ፎቶ አይቶ ማመኑ ነው።

የቀጭን ቦኖ ሰፈር ሙዚየም የሚገኘው ከአርባ ፎቁ ሕንፃችን ምድር ቤት ነው። ሰፈሩ ፈርሶ ሕንፃዎቹ ሲተከሉ ሰው ያተረፈውን ዕቃ ይዟል፤ ቁጥር የተጻፈበት የቆርቆሮ በር፣ የእድር ድንኳን ካስማ፣ አንድ እግሩ ያጠረ አግዳሚ ወንበር። አዳራሹ ሁለት ነው። በቀኝ በኩል ያለው የሙላት አዳራሽ ነው፤ እዚያ መሙያው በሰጠው ድምፅ ዕቃው ራሱ ያወራል፣ ያለቅሳል፣ ልጆችን በስማቸው ይጠራል። በግራ ያለው የቃል አዳራሽ ነው፤ እዚያ የሚቀመጠው በሕይወት ያለ ሰው የሚመሰክርለት ዕቃ ብቻ ነው። ምስክሩ ሞቶ ቃሉን የተቀበለ ሰው ከሌለ፣ ወይም ምስክሩ ቃሉን ከለወጠ፣ ዕቃው ኮሪደሩን ተሻግሮ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ተሻግሮ የተመለሰ የለም።

የክረምት ተለማማጆች የሚቀጠሩት ለዚህ ነው። አንድ ተማሪ ለአንድ ዕቃ ይመደባል። ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ጳጉሜ ምስክሩን ይሰማል፤ አይቀዳም፣ አይጽፍም፣ በቃሉ ይይዛል። በመጨረሻ ሦስት ጠያቂዎች ፊት ይቀርባል። ካለፈ እሱም ዕድሜ ልኩን ምስክር ይሆናል። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ዕድሜ ልክ ስንት እንደሆነ ስላላወቅኩ ወዲያው ፈረምኩ።

የሙዚየሙ ኃላፊ አቶ ኢዮስያስ የመጀመሪያው ቀን ሰበሰቡን።

"ሕጋችን አንድ ነው" አሉ። "ያልሰማችሁትን አትሙሉ። 'አላውቅም' ያለ አይቀጣም። የሞላ ግን በዚያው ቀን ይሰናበታል። ለመሙላትማ መሙያው አለልን፤ ደሞዝም አይጠይቅ።"

ከዚያ ዕቃ አደሉን። ጓንጉል የሚባለው ልጅ የቆርቆሮው በር ደረሰው። ለእኔ ድንጋይ ደረሰኝ።

"ድንጋይ?" አልኩ።

"ድንጋይ" አሉ አቶ ኢዮስያስ። "የሙዚየሙ ዓይን ነው። ጠንቅቀሽ ያዢው።"

ድንጋዩ የአንድ ዳቦ ያህላል። ጥቁር ነው፤ ዙሪያው ሸካራ ሆኖ አንዱ ጎኑ ብቻ እንደ ሳሙና ልስልስ ነው። መሙያው ሲያየው "ጥቁር ድንጋይ፤ ታሪካዊ ዋጋ የሌለው" ብሎ ነበር አሉ። ዋጋውን የሚያውቁት በዓለም ላይ አንድ ሰው ናቸው፤ እማማ ሶስና።

የእኛ ትውልድ ስም ከቅድመ አያት የተወሰደ ነው፤ እኔ አስካለ ነኝ፣ ሌሎቹ ጓንጉል፣ በለጡ። ሽማግሌዎቹ ናቸው ሶስና፣ ሚኪያስ፣ ኤልዳና የሚባሉት። እማማ ሶስና ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነበር። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት፣ እንደ ዘመናቸው አሮጊቶች ስኒከር አድርገው፣ ጃንጥላቸውን እያራገፉ ይገቡ ነበር። ሁልጊዜ ሁለት የተጠበሰ የበቆሎ እሸት በጋዜጣ ጠቅልለው ያመጣሉ፤ አንዱ የእኔ ነው። ድንጋዩን መሀላችን አስቀምጠን እንቀመጣለን።

"ቦኖው ውሃ የሚመጣለት በሳምንት አንድ ቀን ነበር" ብለው ይጀምራሉ። "ሰው ከዋዜማው ተራ ይይዛል። ማን እዚያ ቆሞ ይውላል? ድንጋይ ያስቀምጣል። ድንጋዩ ቆመ ማለት ባለቤቱ ቆመ ማለት ነው። ሰማንያ፣ ዘጠና ድንጋይ ይሰለፋል። ሁሉም የራሱን ያውቃል፤ የሰው ድንጋይ የሚነካ የለም።"

እሸታቸውን ትንሽ ይግጣሉ።

"እናቴ ወልዳ ተኝታለች፤ አምስተኛ ቀኗ። ቤት ውስጥ ጠብታ ውሃ የለም። እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነኝ፤ አርፍጄ ሄድኩና የኔ ድንጋይ መጨረሻ ሆነ። እትዬ እታጉ የሚባሉ ልብስ አጣቢ ነበሩ፤ ተራቸው ሦስተኛ ነው። አዩኝና 'ነይ አንቺ፣ አራስ ትቅደም!' አሉ። ድንጋያቸውን አነሱና በእጄ ሰጡኝ። 'ይኸው ተራዬ' አሉኝ።"

ይህን ሲሉ እጃቸውን ይዘረጋሉ። እኔ የመጀመሪያ ቀን አለቀስኩ። ጎብኚዎችም ያለቅሳሉ፤ ሰርጋቸውን እዚያ ድንጋይ ፊት ያደረጉ ሁሉ አሉ።

ሦስተኛ ጊዜ ስሰማቸው እጃቸውን የዘረጉት እዚያው ቃል ላይ ነው። አምስተኛ ጊዜም። እናቴ ስለ አያቴ ስታወራ አንድም ቀን አንድ ዓይነት አይወጣላትም፤ ትዘላለች፣ ትመለሳለች፣ "ቆይ፣ እንደሱ አይደለም" ትላለች። የእማማ ሶስና ቃል ግን አይዛነፍም። ግድግዳችን ላይ ያለውን ሰውዬ መሰለኝ። እንዲህ ማሰቤ አሳፈረኝ።

ልጠይቃቸው የምፈልገው ብዙ ነበር። በተለይ ያ ልስልስ ጎን። ግን ታላቅ ሲናገር አታቋርጪ ተብዬ ነው ያደግኩት፤ ሲጨርሱ ደግሞ እሸቱ ይቀጥላል። ራሴን እየነቀነቅኩ አንድ ወር አለፈ።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ልምምድ ነበረን። ከሦስቱ ጠያቂዎች ትልቋ ወይዘሮ ቃልኪዳን ነበሩ፤ ብዙ የማይስቁ፣ ድሮ ዳኛ የነበሩ ሴት። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። ከዚያ ድንጋዩን አገላበጡና "ይሄኛው ጎኑ ለምን ለሰለሰ?" አሉኝ።

"አላውቅም" ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ነው። ነገር ግን አንድ ወር ሙሉ ተቀምጬ ይህን አልጠየቅኩም ማለት ሆነብኝ፤ ሁሉም ያዩኛል፤ አቶ ኢዮስያስ ፈገግ ብለው ይጠብቃሉ።

"ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ነው" አልኩ። "ጎረቤት ለጎረቤት ተራ ሲለቅ፣ ድንጋዩ በብዙ ሰው መዳፍ አልፏል።"

አቶ ኢዮስያስ መሀረባቸውን አወጡ። በማግስቱ ያ ዓረፍተ ነገር ድንጋዩ ሥር ባለው ካርድ ላይ ተጽፎ አየሁት።

ከዚያ የባሰው መጣ። ተማሪዎች ሊጎበኙ ሲመጡ አስተማሪዎቻቸው "እናንተም እጃችሁን ጨምሩበት" ይሏቸው ጀመር። ልጆቹ ተሰልፈው ልስልሱን ጎን በመዳፋቸው ያሹታል። የኔ ውሸት በዓይኔ ፊት እውነት እየሆነ ነበር። ጓንጉል አጠገቤ ቆሞ አየና "አስኩ፣ መሙያውን በለጥሽው እኮ" አለኝ። ሙገሳ ነበር።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ሐሙስ ቀን፣ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ እማማ ሶስና እሸቱን ፈትተው "ቦኖው ውሃ የሚመጣለት..." ብለው ጀመሩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ታላቅ አቋረጥኩ።

"እማማ፣ አንድ ነገር አጥፍቻለሁ።"

"ምን አጠፋሽ የኔ ልጅ?"

"ያልነገሩኝን ተናገርኩ። ድንጋዩ የለሰለሰው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ነው አልኩ። ከራሴ ያመጣሁት ነው። እርስዎን መጠየቅ አፍሬ፣ አላውቅም ማለትም አፍሬ።"

እሸቱን ጋዜጣው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ሳቁ፤ ከት ብለው፣ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ።

"እጅ ድንጋይ ያለሰልሳል? ልጄ፣ በመቶ ዓመትም አያለሰልስ። ድንጋይ የሚያለሰልሰው ልብስ ነው።" የአንገት ልብሳቸውን ጫፍ ያዙና ልስልሱ ጎን ላይ ይፈትጉት ጀመር፤ ፊትና ኋላ፣ ፊትና ኋላ። "እንዲህ። አንገትጌውን፣ የእግር ሹራቡን። ማጠቢያቸው ነበር። ሥራ ሲሄዱ ይይዙታል። ተራ ለመያዝም እሱኑ ያስቀምጡ ነበር፤ ሌላ ምን አላቸው?"

"ታዲያ ማጠቢያቸውን እንዴት ሰጡዎት?"

ጥያቄው ሳላስበው ነው የወጣው። እጃቸው ቆመ።

"አልሰጡኝም" አሉ።

እጃቸውን አልዘረጉም። ወደ ድንጋዩ እያዩ፣ እየዘለሉ፣ እየተመለሱ ነገሩኝ።

"አራስ ትቅደም ያለ የለም። ጎህ ሲቀድ ማንም ሳይመጣ ሄድኩና አነሳሁት። የኔን በቦታው አስቀመጥኩ። የሳቸውን በቀሚሴ... አይ፣ በሹራቤ ነው፣ በሹራቤ ሸፍኜ ወሰድኩት። ውሃው ያን ቀን ለሃያ ሰው እንኳ ሳይበቃ ሄደ። እኔ ቀዳሁ። ዞር ስል እትዬ እታጉ ባዶ ጀሪካናቸውን ይዘው፣ ጎንበስ ብለው ድንጋዩን ሁሉ አንድ በአንድ ያገላብጣሉ። 'ሶሲ፣ ድንጋዬን አላየሽም?' አሉኝ። 'አላየሁም' አልኩ።"

"ከዚያስ?"

"ከሰዓት በኋላ አራስ ጥየቃ መጡ። ገንፎ ይዘው። እናቴ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው በማንኪያ አጎረሷት። ድንጋዩ አልጋው ሥር ነው። እግራቸው ሊነካው ምንም አልቀረው።" አፋቸውን በአንገት ልብሳቸው ያዙ። "ገንፎውን በምን ውሃ እንዳገነፉት እስከ ዛሬ አላውቅም።"

"አውቀው ነበር? እርስዎ እንደወሰዱት?"

"አላውቅም። እሱንም አላውቅም። ነገ እመልሳለሁ ስል፣ ነገ እመልሳለሁ ስል ሰፈሩ ፈረሰ። የት እንደሄዱ እንጃ። ሙዚየሙ ዕቃ ያላችሁ አምጡ ሲል አመጣሁት። ምን ልበል? በዚህ ዕድሜዬ ሌባ ነበርኩ ልበል? ሰው ምን ይለኛል? አንድ ቀን ያን የተዘረጋ እጅ ፈጠርኩ። ሰው አለቀሰ። ጣፈጠኝ።"

ሁለታችንም ድንጋዩን አየነው። የሚሆነውን ሁለታችንም እናውቃለን። እውነቱን ከተናገሩ ቃላቸውን ለወጡ ማለት ነው፤ ድንጋዩ ወደ ቀኝ ይሻገራል፤ መሙያው ለእትዬ እታጉ የማያውቀውን ድምፅና ፊት ይሰጣቸዋል፤ እሳቸውም ለዘላለም ለሕፃናት ሲያወሩ ይኖራሉ። ዝም ካሉ ደግሞ ያንኑ ሥራ እኛ እንሠራለን።

"እኔ ስሞት ተናገሪው" አሉ በመጨረሻ። "ብዙ አልቆይም። እስከዚያ ድንጋዩ እዚሁ ይቀመጥ።"

እሺ ማለት ቀላል ነበር። አሮጊት ማስከፋት ነውር ነው፤ ድንጋዩም ይተርፋል፤ እኔም አልፋለሁ።

"እማማ፣ እኔ ያንን ካርድ ካነበብኩት አንድ ወር አልሞላኝም፤ ከብዶኛል" አልኳቸው። "እርስዎ ስልሳ ስምንት ዓመት እንዴት ቻሉት?"

ጃንጥላቸውን አንስተው፣ እሸታቸውን ሳይበሉ ወጡ። ማክሰኞ አልመጡም። ሐሙስም አልመጡም። ሁለት ጊዜ ቤታቸው ሄጄ በሩን አንኳኳሁ፤ ልጃቸው "ደክሟቸዋል" አለችኝ። በራሴ ተናደድኩ። ሰው አዳምጪ ተብዬ ተቀጥሬ ሰው አባረርኩ።

የምስክር ቀን ጳጉሜ አራት ነበር። ሌሊቱን ሙሉ የምለውን ሳወጣ ሳወርድ ቆይቼ፣ ስለ ራሴ ብቻ ለመናገር ወሰንኩ። የሳቸው ቃል የሳቸው ነው። ያለ እሳቸው አላወጣውም። እኔ ከተሰናበትኩ፣ እሳቸውም ካልመጡ፣ ድንጋዩ ምስክር አልባ ሆኖ እንደሚሻገር አውቅ ነበር።

ገና ሁለት ሰዓት ሳይሆን ሙዚየሙ ስደርስ ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው ተቀምጧል። ስኒከር፣ ጃንጥላ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ እሸት። አጠገባቸው ባለው ወንበር ላይ የአንገት ልብሳቸውን አጥፈው አስቀምጠዋል።

"ነይ" አሉኝ። "ተራ ይዤልሻለሁ።"

አብረን ገባን። መጀመሪያ እኔ ተናገርኩ፤ ካርዱ ላይ ያለው ከኔ የመጣ መሆኑን። አቶ ኢዮስያስ ራሳቸውን ያዙ። ከዚያ እማማ ሶስና ተነስተው ቆሙና ለእኔ የነገሩኝን ሁሉ ነገሩ፤ ሹራቡን፣ ጀሪካኑን፣ ገንፎውን። "አላየሁም ብዬ ዋሸሁ" ሲሉ ድምፃቸው የአሥር ዓመት ልጅ ሆነ። የሚያለቅስ አልነበረም። ሁሉም ይሰሙ ነበር።

ሁለተኛው ጠያቂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሕጉ ግልጽ ነው። ቃሉን የለወጠ ምስክር ያለው ዕቃ ይሻገራል።"

ወይዘሮ ቃልኪዳን ወደ እኔ ዞሩ። "ሁለቱንም የሰማሽው አንቺ ነሽ። የትኛውን ታምኛለሽ?"

"የአሁኑን።"

"ለምን?"

"የፊተኛው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር፤ አላውቅም የሚባል ነገርም አልነበረበትም። በአሁኑ ሦስቴ 'አላውቅም' ብለዋል። ደግሞ ሰው ራሱን ለማሳነስ ብሎ አይዋሽም። ድንጋዩም የለሰለሰው በልብስ ነው፤ ይንኩት።"

ወይዘሮ ቃልኪዳን ድንጋዩን አላነሱትም። የራሳቸውን ነጠላ ጫፍ አወጡና ሁለት ጊዜ ፈተጉበት። ጨርቁ ያለ ምንም መያዝ ሄደ፣ ተመለሰ።

"ሕጉ ቃሉን የለወጠ ይላል" አሉ ቀስ ብለው። "እኚህ ሴት ቃላቸውን አልለወጡም። ዛሬ ገና ነው የሰጡት። ድንጋዩ ባለበት ይቆይ።" ከዚያ ወደ እኔ አዩ። "አንቺ ግን ሞልተሻል። ያም ሕግ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ተለማማጅ አይደለሽም።"

"እሺ" አልኩ። እንባዬ መጣ።

"ምስክር ነሽ" አሉ። "ቀጣዩን አስገቡ።"

ካርዱ በማግስቱ ተቀየረ። አቶ ኢዮስያስ ራሳቸው በእጃቸው ጻፉት። "የልብስ ማጠቢያ ድንጋይ። ባለቤት፦ እትዬ እታጉ። የአባት ስም፦" ይልና ባዶ ቦታ ይተዋል። "በ2011 ዓ.ም. ተራቸው ተወሰደባቸው። በዚያው ቀን ለአራስ ገንፎ ይዘው መጡ። ውሃውን ከየት እንዳገኙ አይታወቅም።" ጎብኚዎች አሁን ብዙ የሚቆሙት ባዶው ቦታ ላይ ነው። አንዳንዱ ቤቱ ሄዶ አሮጊቶቹን ይጠይቃል። ሁለት ሰዎች "ልብስ አጣቢ የሆነች እታጉ እናውቅ ነበር" ብለው መጥተዋል፤ አቶ ኢዮስያስ ሁለቱንም ሰምተው፣ እርግጠኛ አይደለሁም ብለው፣ ቦታውን አልሞሉትም።

መስከረም ሁለት ሙዚየሙ ለአዲሱ ዓመት በሩን ሲከፍት ሰው ከጠዋቱ ተሰልፎ ነበር። ሕንፃችን ለሁሉም በጆሮው ተራ ቁጥር ይሰጣል፤ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይቆማል። እማማ ሶስና ገቡና አቶ ኢዮስያስን አንድ ነገር ጠየቋቸው። ዕቃ ከበር ወጥቶ የማያውቅባቸው ሰውዬ ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ይዘው ወጡ። እማማ ሶስና ተቀብለው፣ ጎንበስ ብለው፣ ከሰልፉ ሁሉ ፊት መሬት ላይ አስቀመጡት።

"ምንድነው?" አለች አንዲት ሕፃን።

"ሰው ናቸው" አሉ እማማ ሶስና። "ቆመው ነው።"

ከክረምቱ የተረፈው ዝናብ ያን ጊዜ ወረደ። ሰው ወደ በረንዳው ሊሮጥ አለና ድንጋዩን አየ። አንዱ ቦርሳውን በቦታው አስቀመጠ። አንዷ ጫማዋን አወለቀች። ሕፃኗ ሊማሊሞ የምትለውን አሻንጉሊቷን አስቀመጠች፤ ልታነሳው ፈልጋ ነበር፣ ግን ተወችው። ሁላችንም በረንዳው ሥር ተጠጋግተን፣ ማንም የሌለበት ሰልፍ ዝናብ ሲመታው አየን። ቁጥር የሚነግረንን አልሰማነውም መሰለኝ።

ዘበኛው በሩን ከፈተና ግራ ገብቶት ባዶውን ደጅ አየ።

"ተረኛ ማነው?" አለ።

"እትዬ እታጉ ናቸው" አሉ እማማ ሶስና፤ ዝናቡ ውስጥ ወጥተው ድንጋዩን አነሱና ቀስ ብለው ወደ በሩ ሄዱ።

ማንም አልቀደማቸውም።